ክርኗን የያዘው እጅ

ስልጠናውን ያመጣላት ባሏ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ዓይነ ስውራን በነጭ በትር እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚያስተምሩ ሰዎችን ሊያሰለጥኑ ነው አሉ። ላንቺ ልክ የተሰፋ ሥራ ነው» አላት።

ያን ጊዜ መጋረጃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ቆሞ መዋል አንገፍግፏት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ አስተማሪ መሆን ትመኝ እንደነበር የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእሱ። ስለዚህ የተደሰተችው ሥራ ስለተገኘላት ብቻ አልነበረም። የነገርኩት ነገር ልቡ ውስጥ ተቀምጦ ከርሟል ማለት ነው ብላ ነው።

«አንተ ሰው፣ እንዲህም ታስብልኛለህ?» አለችው።

«ላንቺ ያላሰብኩ ለማን ላስብ?»

በማግስቱ ለባለ ሱቁ መልቀቋን ነገረችው።

ስልጠናው የሚሰጠው የድሮ ትምህርት ቤት በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። አሰልጣኟ ቀጭን፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ከአዳራሹ ጫፍ የምትሰማ ሴት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ጥቁር የዓይን መሸፈኛ አደለችና፣ «ዓይናችሁን ለዛሬ አሳርፉት። በእግራችሁና በጆሮአችሁ ተዋወቁኝ» አለች። ባልደረባ ሆና የደረሰቻት ሴት ድሮ ነርስ ስለነበረች ሁሉም ሲስተር ይላታል። ሲስተር ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ነገር የማይከብዳት ሰው ናት። ዓይኗን ተሸፍና ስትሄድ ከአዳራሹ ምሰሶ ጋር ተላተመችና፣ «ውይ ይቅርታ ጋሼ፣ አላየሁዎትም!» ብላ አዳራሹን በሳቅ ገደለችው።

ክንድን ፊት ለፊት አንስቶ ፊትን መከላከል፣ በእጅ ጀርባ ግድግዳ እየዳበሱ መሄድ፣ ቀኝ እግር ሲነሣ በትሩን ወደ ግራ መወርወር፤ ሁሉንም ተማረች። ማታ ራት ላይ ለባሏ ትተርክለታለች። እሱም ተረት እንደሚሰማ ልጅ አፉን ከፍቶ ይሰማል። «ደረጃ ሲሆንስ?» ይላታል። «የሚያቋርጡት መንገድ መብራት ከሌለውስ?» የመጋረጃውን ሱቅ ወሬ አንድም ቀን እንዲህ ሰምቷት አያውቅም። «ከሲስተር ይልቅ አንተ ነህ ተማሪው» ብላ ትቀልድበት ነበር።

ከዚያ የመምራት ትምህርት ቀን መጣ።

«ዓይነ ስውር ሰውን እጁን ይዘን አንጎትትም» አለች አሰልጣኟ። «እኛ እሱን አንይዘውም፤ እሱ ነው የሚይዘን።» ከዚያ እሷን ወደ መሐል ጠራቻት፤ ሲስተርን ደግሞ ዓይኗን ሸፍና ከጎኗ አቆመቻት። የሲስተር እጅ ከክርኗ ከፍ ብሎ ያዛት፤ አውራ ጣት በውጭ፣ አራቱ ጣቶች በውስጥ። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ቆመች።

«እንግዲህ ሂዱ። ደረጃው ጋ ስትደርሺ ትንሽ ቁሚ። ጠባብ በር ስታገኚ ክንድሽን ወደ ጀርባሽ አድርጊ፤ ከኋላሽ ትሰለፋለች።»

ሄዱ። ማንም ሳያርማት ደረጃው ጋ ቆም አለች፣ ወረደች፣ ዞረች፣ በበሩ አለፈች። ክንዷ ሥራውን ከእሷ ቀድሞ ያውቀዋል።

«ጎበዝ! ከዚህ በፊት ሠርተሽዋል እንዴ?» አለቻት አሰልጣኟ።

«ኧረ በጭራሽ» አለችና ክንዷን አየት አደረገች።

ባሏ አመሻሽ ላይ አብረው ሲወጡ እዚያው ቦታ ነው የሚይዛት፤ ከክርኗ ከፍ ብሎ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ። ጓደኞቹ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ሙሽራ ነህ?» እያሉ ያበሽቁት ነበር። እሱም፣ «ሚስቴን ነው የያዝኩ፣ የሰው አልያዝኩ» ይላቸዋል። የጎረቤት ሴቶች በባሎቻቸው ፊት እሱን እያነሡ ሲያመሰግኑ፣ እሷ ሰምታ እንዳልሰማ ሆና በሆዷ ትኮራ ነበር።

ይሆናል እኮ፣ አጉል እያሰብኩ ነው ብላ ራሷን ገሠጸች። ከሰዓት በኋላ ግን አሰልጣኟ ሌላ መነጽር አመጣች፤ መስተዋቱ ተደፍኖ መሐሉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ የቀረለት። «ከዳር ከዳር እየበላ የሚመጣ የዓይን በሽታ አለ» አለች። «መጀመሪያ ሲመሽ ማየት ያቅታል። ቀጥሎ ጎንና ጎኑ ይጠፋል። ፊት ለፊቱ ያለውን ግን አጥርቶ ያያል፤ ጋዜጣ ያነባል። ስለዚህ ቤተሰቡ ‹እያየ ነው የሚገጨን› ይለዋል።»

መነጽሩን አደረገች። አሰልጣኟ በአንዲት ቀዳዳ ጥርት ብላ ታየቻት፤ አጠገቧ የነበረው የውኃ ብርጭቆ ግን ጠፋ። እጇን ዘርጋ ስታደርግ ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ።

እቤት የተሰበሩት ብርጭቆዎች ትዝ አሏት። ቁጣ የማያውቀው ባሏ ትንሿ ልጃቸው ጫማዋን መሐል ቤት ከተወች፣ «ይሄ ቤት ነው መጋዘን?» ብሎ የሚጮኸው ትዝ አላት። የመሥሪያ ቤቱን መኪና መንዳት ትቶ፣ «ወገቤን እያመመኝ ነው» ብሎ ቢሮ ውስጥ መቀመጡም። የራሳቸውን መኪና ግን አልተወም። ጠዋት ልጅቷን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት፣ ከሰዓት የሚመልሳት እሱ ነው።

«እንዲህ ያለ ሰው መኪና ይነዳል?» ብላ ጠየቀች። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት።

«አይነዳም» አለች አሰልጣኟ። «ከጎን ሮጦ የሚገባ ልጅ አይታየውም።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሲስተር፣ «ምን ሆንሽ? የት ነው?» እያለች እስከ በሩ ተከተለቻት። «ባሌ» ብቻ ብላት ሄደች።

የልጇ ትምህርት ቤት ስትደርስ መኪናው ጥላ ሥር ቆሟል። ባሏ መሪው ላይ ተደግፎ ፊት ለፊት በሩን ያያል። መስኮቱ ክፍት ነው። በጎን በኩል ተጠጋችና ቆመች፤ እጇን ብትዘረጋ ጆሮውን ትነካለች። እጇን አወዛወዘች። አልዞረም። እንደገና አወዛወዘች። በአፉ አንድ ዜማ ያንጎራጉራል። ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ እሷ አጠገቡ ናት፤ ለእሱ ግን የለችም። ከዚያ ዞራ ከመኪናው ፊት ቆመች።

ፊቱ በፈገግታ በራ። «እንዴ! አንቺ ነሽ? ምነው በደኅና?»

«ቁልፉን ስጠኝና ውረድ።»

«ምን?»

«ውረድ አልኩህ።»

መንዳት አትችልም። ስለዚህ መኪናው እዚያው ቀረ። ልጅቷ በመሐላቸው ሆና፣ «መኪናው ተበላሸ እንዴ አባዬ?» እያለች በእግራቸው ሄዱ። እቤት ሲደርሱ ልጅቷን ጎረቤት አስቀመጠቻትና በሩን ዘጋች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«አትሞኝብኝ። አጠገብህ ቆሜ እጄን ሳወዛውዝልህ ነበር።»

ሶፋው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ሳንጋባ ጀምሮ» አለ በመጨረሻ። «ያኔ ሲመሽ ብቻ ነበር። አባቴም እንደዚሁ ነው የጀመረው።»

«አባትህን ስኳር ነው ዓይናቸውን ያጠፋው አላላችሁኝም?»

«እናቴ ናት እንደዚያ በሉ ያለችው።»

በአንድ ጊዜ ብድግ አለች። «ልጄስ? በዘር ነዋ የሚመጣው! ልጄስ?»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ። ደኅና ናት። ተመርምራለች።»

«ማን አስመረመራት?»

መልሱ ሳይወጣ ፊቱ ላይ አነበበችው። «እኔና እትዬ» አለ። እትዬ የሚላት ታላቅ እህቱን ነው። «እሷ ጋ የሰነበተች ጊዜ ወስደናት ነበር።»

ትዝ አላት። ያን ጊዜ ልጅቷ ከአክስቷ ቤት ስትመለስ የዓይኗ ብሌን ተልጥጦ ጥቁር ብቻ ሆኖ ነበር። «እማዬ፣ ፀሐይዋ ታመኛለች» ብላት ነበር። እሷ ደግሞ፣ «ፀሐይ ላይ ስትሮጪ ስለዋልሽ ነው» ብላ ፊቷን አጥባ አስተኛቻት። ሐኪሙ ሲያወራ፣ ልጇ ጠብታ ሲደረግባት፣ ውጤቱ እስኪመጣ የተጨነቁት ሌሎች ናቸው። እናትየው ሱቅ ውስጥ ቆማ መጋረጃ ትለካለች።

«እናቷ እያለሁ?» አለች።

«እንዳትደነግጪ ብለን ነው።»

«ብለን! ብለን አልክ?»

ከዚያ የቀረው ነገር መጣባት፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ሆነ። ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ስልጠናውስ? ላንቺ ልክ የተሰፋ ሥራ ነው ያልከኝስ?»

«ሌላ ሰው እንዲመራኝ አልፈለግሁም» አለ። «በማላውቀው ሰው እጅ ከምወድቅ አንቺ ብታውቂው ይሻላል ብዬ ነው። ስትማሪም ደስ ብሎሽ ነበር። ሁለታችንንም የሚጠቅመን መሰለኝ።»

አላለቀሰችም። እንባ የሚመጣው የቀረ ነገር ሲኖር ነው፤ የእሷ ውስጥ ባዶ ሆኖ ነበር። ሌላው ውሸት ስለ እሱ ነው። ይኼ ግን ስለ እሷ ነው። በሕይወቷ አንድ ሰው ፍላጎቷን ሰምቶ የሰጣት አንድ ስጦታ ይኼ ብቻ ነበር፤ እሱም ለራሱ የገዛው ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ እትዬ መጣች። ጉዳዩን ወንድሟ ነግሯት ስትሮጥ ነው የደረሰችው። ገና ሳትቀመጥ፣ «እኔ ላንቺ ክፉ አስቤ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለች።

«እባክዎ እትዬ፣ በዓይን አይማሉብኝ።»

እትዬ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ቆይታ ግን ልቧ ደነደነና፣ «ብንነግርሽ ኖሮስ ታገቢው ነበር?» አለች።

«አገባው ነበር» አለቻት። «ግን ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እናንተ ልታውቁት አትችሉም፤ አልጠየቃችሁኝማ።» ከዚያ በሩን ከፈተችላት። ልጅቷን አክስቷ ዘንድ መላክም ከዚያ ቀን ቀረ።

ስልጠናውን ትታው ነበር። ሄዳ በትር ስትይዝ ለእሱ የታዘዘች ሠራተኛ የሆነች ይመስላታል። አንድ ቀን አሰልጣኟ ደወለች። ሲስተር ከእሷ በስልክ የሰማችውን ሳትሸሽግ አውርታላታለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች አሰልጣኟ። «ስትማሪ የነበረው ለባልሽ ብለሽ ነው?»

«አይደለም! በምን አውቄ?»

«እንግዲያው ነገ ነይ። ሲስተር ካንቺ ሌላ ሰው አልመራም ብላ አስቸግራናለች።»

ሄደች። ሲስተር ስታያት ምንም አልጠየቀቻትም፤ አቅፋ ጨመቀቻትና፣ «ያንቺን ጊዜ ከምሰሶው ጋር ነው የሠራሁት፤ ተግባብተናል» አለቻት።

መኪናው ተሸጠ። ባሏ ለአለቃው ራሱ ሄዶ ነገረው። ስልጠናው ሊያልቅ ሲል ግን አንድ ማታ ራት ላይ፣ «እንግዲህ እኔን የምትጀምሪኝ መቼ ነው?» አላት። የጠየቃት እንደ ቀላል ነገር ነው፤ ይቅርታ ያገኘ መስሎታል።

«እኔ አላስተምርህም» አለችው።

«ማለት?»

«ሲስተር ታስተምርሃለች። ተነጋግረናል። እኔ ከሌሎች ጋር ነው የምሠራው።»

«ሲስተርን እኮ አላውቃትም።»

«ትለምዳታለህ። እኔም አንተን የማውቅህ መስሎኝ ነበር።»

ቅር አለው፤ ግን እንቢ ለማለት ምን አፍ አለው? ሲስተር ትመጣለች፣ በትሩን ያነሣል፣ ይወጣሉ። እሷም የዓይነ ስውራን ማዕከል ተቀጥራ የመጀመሪያ ተማሪዋን ተረከበች፤ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ ሰው ሲያርመው የሚያጉረመርም፣ መንገድ ሲሻገር ግን ከመኪናው ድምፅ ሞተሩ ምን እንደጎደለው የሚነግራት። ሥራውን ወደደችው። መውደዷ ደግሞ አናደዳት፤ ባሏ ልክ ነበረ ማለት ነውና።

ቤቱ አልፈረሰም። እሷ የምትተኛው ግን ልጅቷ ክፍል ነው። «ይቅር በይኝ» ይላታል። «ገና ነው» ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ መንገዱ ማዶ አየችው። ሲስተር ራቅ ብላ ከኋላው ትከተላለች። እሱ ብቻውን የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ በበትሩ አገኘ፣ ቆመ፣ ጆሮውን አዘነበለ፣ ቆየ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ተሻገረ። አረማመዱ ያምራል፤ አስተማሪ ናትና አረማመድ ታውቃለች። ሳትጠራው በሌላ መንገድ ሄደች።

እሷ ምድጃ ላይ ድስት ጥዳ ሳለ ገባ። ደስ ብሎታል፤ ላብ ላብ ብሎታል።

«ዋናውን መንገድ ብቻዬን ተሻገርኩ» አላት። «ሲስተር ጎበዝ ነህ ትለኛለች። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ? አላየሁህም» አለችው።

ባሏን ስትዋሸው የመጀመሪያዋ ነበር። ትንሽ ቆሞ ጠበቀ፤ ሌላ ነገር ትጨምር እንደሆነ። ድስቱን ማማሰሏን ቀጠለች። እሱም በትሩን በሩ አጠገብ አቁሞ እጁን ሊታጠብ ሄደ።