ከኋላው ማን ነበር?

«ማናት ደግሞ ይቺ?» አለች የወይንሐረግ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች።

እትዬ አበባ አልሰሙም፤ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ከጎረቤት ከተማ፣ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ በየቀኑ እየተመላለሱ አብረዋት የሚቀመጡት እኚህ ሴትዮ፣ ሌላ ጊዜ ግድግዳ ማዶ የተወራ አያመልጣቸውም። ዛሬ ጆሯቸው ጠፋ።

እንግዳዋ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ለቅሶ ደርሶ ለመሄድ የሚያለቅስ ሰው ለቅሶ አልነበረም፤ አንጀቷን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ነው። ለሟቹ ለከፈለ እንደዚያ አድርጎ ያለቀሰ ሰው እስካሁን አልመጣም። ሚስቱ የወይንሐረግ ራሷ አላለቀሰችም፤ ይኼም ከሴቶቹ ዓይን አላመለጠም።

ለቅሶው የተቀመጠው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአፓርትመንቱ ፓርቲ ሩም ነው። ቤታቸው ስለጠበበ ልጇ ሀሴት ማኔጅመንቱን አስፈቅዳ። በዋዜማው የአንድ ሕፃን ልደት ተከብሮበት ኖሮ አንድ ሮዝ ፊኛ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል፤ የሚደርስበት ረጅም ሰው ጠፋ። ለቅሶ ደራሹ ጥቁር ለብሶ፣ ካርቶን ውሃ ተሸክሞ፣ ታች ዴስኩ ላይ ያለውን ዘበኛ «ፓርቲ ሩሙ የት ነው?» እያለ ይገባል።

እንግዳዋ ገብታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። የወይንሐረግ ከጫማዋ ጀምራ አየቻት። ጥቁር ቀሚሷ ትከሻው ላይ ነጥቷል፤ ብዙ ታጥቧል። ከፈለ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ከቀረ ሳምንት አልሞላውም። ጥቁር በሳምንት አይነጣም። ይቺ ሴት ከእኔ ቀድማ ለብሳለች ማለት ነው፤ ምኑን አውቃ?

«ሮዳስ ትባላለች» አለች ሀሴት፣ ስትጠየቅ። «ከስዊድን ነው የመጣችው። ማም፣ ፕሊዝ፣ ኢት ሰምቲንግ።»

ስዊድን። የወይንሐረግ ጀርባዋን ከግድግዳው አላቀቀች።

አምና ሰመር ነው። ሦስት አሥርት ዓመት የሆቴል ሻትል ሲነዳ የኖረው ከፈለ፣ እራት ላይ ሆኖ «ሰሜን አውሮፓ ያሉ ጓደኞቼን ዞር ብዬ ልጠይቅ ነው» አላት።

«በምን ልትዞር?»

«በሞተር።»

በወጣትነቱ አዲስ አበባ ቴሌ ውስጥ ሞተረኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጎማ ያለው ነገር ላይ ተቀምጦ አይታው አታውቅም። ስልሳን ያለፈ ሰው ሞተር ላይ የሚወጣው ወይ ሲያብድ ነው፣ ወይ ሴት ሲያይ፤ ከፈለ ደግሞ አላበደም። ሄደ። ከጎተንበርግ፣ ከኦስሎ፣ ተራራ እግር ሥር ባሕር ከገባበት አገር ፎቶ ይልክላት ጀመር። በየፎቶው ሞተሩ መሪ ላይ ሁለት ሄልሜት ተንጠልጥሏል።

«ሁለተኛው የማን ነው?» ብላ ጻፈችለት።

«መለዋወጫ ነው» አላት።

ሄልሜት መለዋወጫ እንዳለው ያን ቀን አወቀች።

አንድ ቀን ደግሞ ደውሎላት፣ «በዚህ ዕድሜህ! ነፋስ ቢወስድህ ማን ሊያመጣህ ነው? ካልሲ እንኳ ደርበሃል?» እያለች ስትቆጣው ከኋላው ሰው ሲስቅ ሰማች። ወዲያው መዳፉ ስልኩን ሸፈነው። «ማነው?» ስትለው «ነፋሱ ነው» አለ። ነፋስ ሲስቅም ያኔ ነው የሰማችው። ተመልሶ ሲመጣ ዝምተኛ ሆኖ ነበር። መኪና ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። ስታገኘው ዓይኑ ቀልቶ «አለርጂ ነው» ይላታል፤ አለርጂው በጋና ክረምት አይለይም።

ወንዶቹ ጥግ ይዘው ካርታ ይጫወታሉ። መሐላቸው ከኦስሎ የመጣው የከፈለ ጓደኛ ኪራኮስ አለ። ትናንት ጎኗ ሲቀመጥ ጠብቃ «አንተ ጋ ሲመጣ ከማን ጋር ነበር?» ብላው ነበር።

«ኖርዌይ ያኔ ዝናብ ነበር» አለ ኪራኮስ።

«ዝናቡን አልጠየቅኩህም።»

«ከባድ ዝናብ» አለና ውሃ ሊያመጣ ተነሳ። ውሃው እግሩ ሥር በካርቶን ተደርድሯል።

ይኼን እያሰበች ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ፣ ከፓርቲ ሩሙ ኩሽና የእትዬ አበባን ድምፅ ሰማች።

«ዛሬ ካልተነገራት መቼ ሊነገራት ነው? ይኸው ሴትየዋም መጥታለች።»

«አርባው ይለፍ እንጂ» ይላል አንዱ። «ሁለቱን ባንዴ እንዴት ትችለዋለች?»

«ልጅቷስ ታውቃለች አይደል?»

«እሷማ አምና ነው ያወቀችው።»

የወይንሐረግ በሩን ሳትከፍት ተመለሰች። ከዚህ እስከ ውድብሪጅ ከተማ ድረስ ያለ ሰው የሚያውቀው፣ የገዛ ልጇ የምታውቀው፣ እሷ ብቻ ያላወቀችው ነገር አለ። ከይቺ ሴት ልጅ ወልዶ ይሆናል። አምና ቢሆን ኖሮ ታንቀው ነበር፤ አሁን ማንን ትነቅ? የሞተን ሰው መጣላት እንዴት ያደክማል። ስለዚህ ነው እንባዋ እምቢ ያላት፦ የምታለቅስለት ሰው የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ማወቅ አለባት። ለራሷ ባል ልታለቅስ፣ ወይስ ለሌላ ሴት ባል?

በዚያ ላይ የሚደገፉት ዘመድ የለም። አንድ ወንድሟ ሀዲስ እንኳ፣ ስዊድን ተቀምጦ፣ ሬሳው እስኪወጣ አልደወለም። እናታቸው ስትሞት «ወረቀቴ አላለቀም፣ መውጣት አልችልም» ብሎ ቀረ። እሷም «ወረቀት እናት አይቀብርም» ብላ ስልኩን ዘጋችበት፤ ስሙን ቤቷ ውስጥ የሚያነሳ ሰው እንዳይኖር ከለከለች። ቢሆንም ለእህት ባል ይደወላል። ጠላትም ይደውላል።

ፍራሿ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ድምፅዋን ሳትቀንስ፦

«የኔ እህት፣ ሮዳስ» አለች። «ባሌን በየት በኩል ነው የምታውቂው?»

ካርታው ቆመ። ሮዳስ ወደ ኪራኮስ አየች። ኪራኮስ ወደ እትዬ አበባ አየ።

ከዚያ ማንም ሳያዝዝ ነገሩ ራሱን ማዘጋጀት ጀመረ። ኪራኮስ ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ። ወንዶቹ ከኋላው ቆሙ። ጠንከር ያሉ ሁለት ሴቶች የወይንሐረግ ግራና ቀኝ ትከሻ ሥር ገቡ። እትዬ አበባ ትኩሱን ፔርሙስ ከጎኗ አንስተው ወዲያ አራቁ፤ ተመልሰው በሁለት እጃቸው መነጽሯን አወለቁላት።

የወይንሐረግ ይኼን ታውቀዋለች። እሷ ራሷ ለስንት ሰው አድርጋዋለች፤ አናንዴል ድረስ እየሄደች ትኩስ ነገር አርቃለች፣ መነጽር አውልቃለች። ውሽማ ለማስተዋወቅ መነጽር አያወልቁም።

ፓርቲ ሩሙ ብዥ አለባት።

«ማነው?» አለች። ከዚያ ማን እንዳልደወለ ትዝ አላት። «ሀዲስ ነው?»

ሮዳስ ጮኸች፤ ጩኸቷን ሴቶቹ ተቀበሏት።

ጩኸቱ እስኪበርድ ድረስ የወይንሐረግን ያዟት፤ እሷ ግን አልተወራጨችም። ይዘዋት ሰለቻቸው።

«መቼ?» አለች በመጨረሻ።

«አምና፣ መስቀል እንዳለፈ» አሉ እትዬ አበባ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ያኔ አንቺ ለዳሌሽ ኦፕሬሽን ቀጠሮ ነበረሽ፤ ይለፍ ተባለ። ከዚያ ገና መጣ። ከዚያ ጾም ገባ፤ በሁዳዴ ከምናስደነግጣት ፋሲካ ይለፍ አልን። ከፋሲካ ወዲያ የሀሴት ምርቃት…»

«ምርቃቴን አታንሱት» አለች ሀሴት እያለቀሰች። «አይ ቶልድ ዩ ጋይስ።»

«ከፈለማ እኔ እነግራታለሁ እያለ ነው የቀረው» አሉ እትዬ አበባ። «የኛ ጥፋት ነው፣ ልጄ። ነጋሪው እስካለ መርዶ ይቆያል ብለን።»

የወይንሐረግ ሮዳስን አየቻት። ያለ መነጽር የነጣው ትከሻዋ አይታያትም።

«የሀዲስ ሚስት ነሽ?»

«ነበርኩ።»

«ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።»

ሮዳስ ፍራሹ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ኪራኮስም ወንበሩን ትቶ ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ አለ፤ አሁን ዝናቡን አላነሳም።

«ሀዲስ በሽታው ሲጠናበት ሞተሩን መንዳት አቃተው» አለ። «ግን ጓደኞቹን በየቤታቸው ሳያይ አልጋ ላይ አልተኛም አለ። ከፈለ ሰምቶ መጣ። እሱ ነዳ፣ ሀዲስ ከኋላ። ላንቺ ጓደኞቼን ልጠይቅ ነው ያለሽ ስሙን ስለከለከልሽው ነው።»

«አውቃለሁ ምን እንደከለከልኩ።»

«አንድ ቀን ደውሎልሽ ስለ ካልሲ ተቆጣሽው። ስፒከር ላይ አድርጎት ነበር፤ ሀዲስ ድምፅሽን ይስማ ብሎ። ሳቀ። ‹አሁንም እንደ እማዬ ነው የምትቆጣው› አለና ሲስቅ ሲስቅ ሳሉ ተነሳበት። ላናግራት ብሎ እጁን ዘርግቶ ነበር። ብትዘጋብኝስ ብሎ ተወው።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። የወይንሐረግ የጠየቀችው ማንም ያልጠበቀውን ነው።

«ከኋላ እንዴት ነበር የሚቀመጠው?»

«እ?»

«ምኑን ይዞ?»

ኪራኮስ አሰበ። «ሲነሱ ከወንበሩ ኋላ ያለውን ብረት ይይዝ ነበር። እኔ ቤት ሲደርሱ ግን እጁ ደክሞ፣ ከፈለን በወገቡ አቅፎት ነው የመጡት። ጉንጩን ጀርባው ላይ ጥሎ። እኔማ የተኛ መስሎኝ ነበር።»

ሀሴት ፍራሹ ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተቀምጣለች፤ አሁን የገቡ ለቅሶ ደራሾች ቆመዋል፣ ምን ላይ እንደደረሱ ግራ ገብቷቸው። የወይንሐረግ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ከልጇ ኋላ ደረሰች። እጆቿን በወገቧ አዙራ ጣቶቿን ከፊት አቆላለፈች፤ ጉንጯን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች።

«ማም? አር ዩ ኦኬ?»

«አትዙሪ» አለቻት።

ሀሴት አልዞረችም። ቀጥ ብላ ተቀመጠችላት። ጥቂት ቆይቶ የልጅቷ ሸሚዝ፣ ከእናቷ ጉንጭ ሥር፣ እየራሰ ሄደ።