አንድ ፊደል የቀረው ሰው

አባቷ ከበሽታው የተረፈው አንዲት ፊደል ይዞ ነው። አንድ ጠዋት ካልሲውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ ወለል ላይ ተዘርሮ ተገኘ። ሐኪም ቤት ገብቶ ነፍሱ መለስ ስትል ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት፣ አፉም ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ነበር። ያ ሁሉ ወሬው፣ ያ ሁሉ ቀልዱና ቁጣው ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ «ና» ብቻ ቀረች። ውኃ ሲጠማው «ና»። ጀርባውን ሲያመው «ና»። ልጁ ስታለቅስ ሲያያት ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «ና... ና...»።

ልጁ ልብስ ሰፊ ናት። ገበያ ዳር ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ሱቅ ውስጥ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ሐኪሟ «ጊዜ ስጪው» ስትላት ጊዜ ሰጠችው። የደንበኛ ኩርፊያ ችላ፣ ሱቋን እየዘጋች፣ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ «አባባ፣ እኔ ማነኝ?» ትለዋለች። «ና» ይላታል። ወደ መስኮቱ ትዞራለች።

መጀመሪያ የተሳሳተችው እሷው ራሷ ናት። ወንድሜን እየጠራው ነው ብላ ደመደመችና ሌላ ከተማ የሚሠራውን ታላቅ ወንድሟን በስልክ አጣደፈችው። ወንድምየው ፈቃድ ለምኖ መጣ። አልጋው ፊት ቆመ። «ና» አለ አባት። አንድ እርምጃ ቀረበ። «ና።» ሌላ እርምጃ። «ና... ና...» አፍንጫና አፍንጫቸው ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው አባትየው ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ወንድሟ ኮሪደር ወጥቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሷን ደግሞ ሳቅ አፈናት፤ በዚህ ሰዓት ሳቅ ስለመጣባት በራሷ ተናደደች።

ከተማው ወደብ ስላለው በሐኪም ቤቱ የሚሠራውም የሚተኛውም ከየአገሩ የተጠራቀመ ሰው ነው። የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ አላቸው፤ ቢሆንም ሰው ድንገት የሰማውን ነገር የሚሰማው በእናቱ ቋንቋ ነው። ምን ያድርግ፣ ጆሮ አለቃ የለውም።

የቀኗ ነርስ ሩስኛ ተናጋሪ ናት። በእሷ ቋንቋ «ና» ማለት «እንካ፣ ያዝ» እንደ ማለት ነው። ሰውየው «ና» ባለ ቁጥር እጇን ትዘረጋለች። የሚሰጣት ነገር ከሌለው ፊቱ ያለውን ታነሳለታለች። መነጽሩን አነሳች። ጋዜጣውን አነሳች። ሾርባውን በቅጡ ሳይቀምስ ሳህኑን አነሳች። ሰውየው ከቀን ወደ ቀን አንገቱ ሰለለ። «አባትሽ ምግብ አይወድም፣ እንኪ እያለ ይመልስልኛል» አለቻት ልብስ ሰፊዋን፣ ከልቧ አዝና።

ጽዳት ሠራተኛው ስዋሂሊ ተናጋሪ ነው። ለእሱ «ና» ማለት «እና» ነው። እንግዲህ ሰው «እና...» ብሎ ሲጀምር ጥሎ መሄድ ነውር ነው። መወልወያውን ተደግፎ ቀሪውን ይጠብቃል። «እና? እሺ፣ እና ምን?» እያለ ሲጠብቅ የክፍሉ ወለል ግማሹ እርጥብ፣ ግማሹ ደረቅ ሆኖ ይውላል።

አጠገቡ የተኛው ዳሌው የተሰበረ ኮሪያዊ ሽማግሌ ነው። በሱ ቋንቋ «ና» ማለት «እኔ» ማለት ነው። አባቷ «ና» ሲል ሽማግሌው ደረቱን መታ መታ አድርጎ «ና!» ይለዋል። ሁለቱ እኔ ነኝ፣ የለም እኔ ነኝ ሲባባሉ ይውላሉ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሳይኳረፉ የከረሙት እነሱ ብቻ ናቸው።

ጣጣውን ያመጣው ግን የታማሚዎችን እጅና እግር የሚያፍታታው ባለሙያ ነው። ሂንዲ ተናጋሪ፣ ትሁት፣ ዝንብ የማይጎዳ ወጣት። ለእሱ «ና» እምቢታ ነው፤ «አይ» እንደ ማለት። የሰውየውን ክንድ ቀስ አድርጎ ማንሳት ሲጀምር «ና» ይላል፤ ወዲያው ይለቅለታል። እንደገና ሲጀምር «ና፣ ና!»፤ እንደገና ይለቅለታል። በመጨረሻ ሰው ካልፈለገ አይገደድም ብሎ ተወው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ በሩጫ ሄደች።

«ወንድሜ፣ በኛ ቋንቋ እኮ መጥራት ነው! ቅረብ ማለቱ ነው!»

«ነግረውኛል እህቴ» አላት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ቃሉን ተይው። ፊቱንስ? ክንዱን በያዝኩ ቁጥር ይቆጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ወደ ግድግዳ ይዞራል። ይሄ በየትኛው ቋንቋ ነው እሺ የሚሆነው?»

ወንድሟም ላይ ያንኑ ሲያደርግ በዓይኗ አይታዋለች።

ሐኪሟ ክፉ ሴት አይደለችም፤ አልጋ የሚጠብቅ በሽተኛ ደጁን ስለሞላው ነው። ልብስ ሰፊዋን ቢሮዋ አስገብታ፣ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ነገሩን ዘረገፈችው። አባትሽ ልምምዱን አልተቀበለም። የሚባለውን ይረዳ እንደሆነም እርግጠኛ አይደለንም። ስለዚህ ከኋላ ወዳለው ሕንፃ ይዛወራል። ከኋላ ያለውን ሕንፃ ልብስ ሰፊዋ ታውቀዋለች፤ እዚያ የገባ ሰው ይታጠባል፣ ይጎርሳል፣ ይገላበጣል፤ አፉን እንዲፈታ የሚለፋለት ግን የለም። የገባ እንጂ የወጣ አላየችም።

«ይረዳል» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

እሷም የቀረችው ከአባቷ ባልተሻለ ቃል ነበር። ቅስሟ ተሰብሮ ወጣች።

የሚዛወርበት ቀን ከሰዓት በኋላ ተሳቢ መጣ።

ተሳቢ የአባቷ የወደብ ባልደረባ ነው። ስሙ የወጣለት ዕድሜ ልኩን ተሳቢ መኪና ስለነዳ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሰውነቱን አይቶ ነው ይላል። ረጅም መንገድ ላይ ከርሞ፣ የወዳጁን መታመም ገና መስማቱ ነበር። የአባቷ ሥራ ደግሞ እነዚያን ረጃጅም መኪኖች ወደኋላ እየጠራ መጋዘን ማስገባት ነበር። ልጁ ሲሠራ አንድም ቀን አላየችውም፤ ወደብ ቤተሰብ አያስገቡም፣ እሱም ቤት ሲገባ ሥራውን ከጫማው ጋር በር ላይ ነበር የሚያወልቀው። የምታውቀው ማታ ማታ ድምፁ እንደሚጎረንን ብቻ ነው።

ተሳቢ ሲደርስ ኮሪደሩ ትርምስ ነው። አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር ቀድመው አውጥተው፣ ፊቱን ወደ ክፍሉ በር አዙረው አቁመውታል። አልጋው አብሮት ስለሚሄድ መውጣት አለበት፤ አንዱ ጎማ ተጣሞ አስቸግሯል። ተሳቢ ሌላው ሁሉ እንደሚያደርገው «አወቅኸኝ ወይ?» አላለም። ወዳጁን ትከሻውን ጨበጥ አድርጎ፣ የብርቱካን ፌስታሉን ጭኑ ላይ አስቀምጦለት በቀጥታ ወደ አልጋው ሄደ።

«ዞር በሉ፣ እኔ አወጣዋለሁ። ልጄ፣ አንቺ ከግርጌ ያዢልኝ።»

ራስጌውን ጨበጠና ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። አንገቱን ዞር እንኳ አላደረገም።

«አለቃ! ልምጣ?»

«ና» አለ አባቷ ከውጭ።

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ይሄ የበሽተኛ ድምፅ አይደለም። ከሆድ የወጣ፣ ረጋ ያለ፣ ማዘዝ የለመደ ድምፅ ነው። «ና... ና... ና...» አልጋው መቃኑን ሳይነካ ሾልኮ መውጣት ጀመረ። ተሳቢ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ ጆሮውን ብቻ ወደኋላ ሰጥቶ ይሳባል። ያኔ ነው የገባት። አባቷ «ና» የሚለው ሰው ለመጥራት አልነበረም። «ቀጥል፣ አለሁልህ፣ እያየሁ ነው» ማለቱ ነበር። ያ ምስኪን ወጣት ክንዱን በለቀቀ ቁጥር የሚናደደውም ለዚህ ነው፤ መንገድ ጀምሮ መሀል ላይ የሚቆም ሾፌር ሆኖበት።

ደስታዋን ሳታጣጥም ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት። አባቷ ያለችው «ና» ብቻ ናት። ማን ሊያስቆመው ነው?

ነርሷ ጮኸች። ጠርሙስና ብልቃጥ የተደረደረበትን የመድኃኒት ጋሪ ከበሩ ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ አቁማ ቀጣዩ ክፍል ገብታ ነበር፤ ስትወጣ ያ ግዙፍ ሰው በጀርባው ሊደረምሰው እየመጣ ነው። «ቁም!» አለች በጋራው ቋንቋ። ጽዳት ሠራተኛው ጮኸ። የሚያፍታታው ወጣት ጮኸ። ሐኪሟም ከቢሮዋ ወጥታ ጮኸች። ተሳቢ ጆሮ ዳባ ልበስ። ወደብ ውስጥ መኪና ወደኋላ ሲገባ ጫኙም፣ ዘበኛውም፣ መንገደኛውም ይጮኻል፤ ሾፌር ሁሉን ከሰማ ሰው ጨፍልቆ ያርፋል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ የሚሰማው አስገቢውን ብቻ ነው፣ ሌላው እንደ ንፋስ ይቆጠራል።

«ጋሼ፣ ኧረ በፈጠረህ!» ብላ ልብስ ሰፊዋ አልጋውን ወደ ራሷ ጎተተች። እሷኑ እየጎተተ ሄደ።

«ና...» አለ አባቷ። ድምፁ ተሰበረ። «ና... ና...» አሁን ደግሞ የሚለምን ይመስላል። ከአልጋው ማዶ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማታል። ጭኑ ላይ የነበሩት ብርቱካኖች ወለሉ ላይ ሲንከባለሉ ሰማች።

«ቁም!»

አልጋው ባለበት ደረቀ።

«ቁም አልኩህ! አንተ ዕውር!»

ልብስ ሰፊዋ በአልጋው ላይ ተንፏቅቃ፣ ተሻግራ ወጣች። በተሳቢ ጀርባና በጋሪው መሀል እጅ ቢያስገቡ የምታልፍ ክፍተት ነበረች። አባቷ ወንበሩን በደህና እጁ ጨምድዶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ተሳቢን በቁጣ ያፈጥበታል። እንዲህ ያለ ያማረ ቁጣ ካየች ቆይታለች።

«አቤት አለቃ» አለ ተሳቢ፣ አሁን ገና ዘወር ብሎ።

ሐኪሟ ቀረበች። «ምን አለ?»

«ቁም አለው።»

«ከዚያስ? ሌላም ብሏል።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ቀላ። «ዕውር አለው» አለች። ነርሷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

የሚያፍታታው ወጣት ግን አልሳቀም። ሰውየው ፊት በርከክ ብሎ ያን አልታዘዝ ያለ ክንድ በሁለት እጁ ያዘና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልክ እንደ ተሳቢ ጠየቀው፤ «ልምጣ?» ልብስ ሰፊዋ ጥያቄውን ለአባቷ ወደ አማርኛ ተረጎመችለት።

«ና» አለ አባቷ።

አነሳው። «ና... ና...» ወጣቱ አልለቀቀም፤ ቀጠለ። ክንዱ ደረቱን አለፈ፣ ትከሻው ጋ ደረሰ። የሰውየው ፊት ጨፈገግ አለ። «ቁም» አለ። ወጣቱም ቆመ።

«አልጋውን ወደ ቦታው መልሱት» አለች ሐኪሟ፣ ከዚህ ሌላ ምንም ሳትጨምር። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ ስትቆም ከዚያ ከካልሲው ጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ወረደላት። እፎይ አለች፣ ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ተሳቢ ብርቱካኑን ይለቅማል። «ጋሼ፣ ባይናገርስ ኖሮ?» አለችው።

«እገጨው ነበራ!» አለ፣ ጥያቄው ገርሞት። «እሱ ቁም ሳይለኝ መቼ ቆሜ አውቃለሁ?»

እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ አባቷ ፊት ቁጢጥ አለችና ጉልበቱን ያዘች። «አባባ» አለችው፣ «በናትህ እኔንም ስደበኝ።»

ትኩር ብሎ አያት። አፉ ወደ ጎኑ ተጣመመ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ማንም አላቋረጠውም።

«ጅል» አላት፣ እንባዋን በአውራ ጣቱ እየጠረገላት።