አሥራ ሁለተኛው ሳጥን

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ አመል አውጥታለች። የስፌት መኪናዋን አንድ ክንድ ያህል ታስኬድና ታቆማለች። እግሯን ከፔዳሉ አንስታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ከወዲያኛው ክፍል ድምፅ ትጠብቃለች። ድምፅ የለም። እንደገና ትረግጣለች። ድሮ በግማሽ ቀን የምትጨርሰው ጉርድ ቀሚስ አሁን ቀኑን ሙሉ ይፈጅባታል። ደንበኞቿ «እጇ ከበደ» ይሏታል። የከበደው እጇ አልነበረም።

ባሏ ፕላን ነዳፊ ነበር። ጡረታ በወጣ በዓመቱ የደም ግፊቱ ጣራ ነካ። ሐኪሙ «ሁለት ነገር ይተዉ፤ ጨውና ዜና» አለው። ጨውን ተወ። «ዓለም እንዲህ እየታመሰች ጀርባዬን ሰጥቼ ልተኛ?» ብሎ በዜናው በኩል አሻፈረኝ አለ። ሐኪሙም ቢቸግረው «እንግዲያው ሲሰሙ እጅዎን ሥራ ያስይዙት» አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀትሩ ዜና ሊጀምር ሲል ደብተሩን ይዘረጋል። ገጹን በማስመሪያ አሥራ ሁለት ሳጥን አድርጎ ይከፍልና ለአንዱ ዜና አንዱን ይመድባል። ጎርፍ ከሆነ ሞገድ በሞገድ ላይ ይደራርባል። እሳት ከሆነ ምላስ ምላስ የሚመስሉ ነገሮች ይስላል፤ ጦርነት ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ እስኪጠቁር እንደ ክብሪት እንጨት የተጠላለፉ ሰረዞች። ለምርጫ ነጠብጣብ ብቻ ነበር። «ሲታዩ ሁሉም እኩል ናቸው፤ ጠቡ የሚመጣው ሲቆጠሩ ነው» ይላል። ያንኑ አንድ መስመር ደጋግሞ ሲስለው ትከሻው ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይረዝማል። ግፊቱም ከጣራው ወረደ። እንዲህ ሰባት ዓመት ቆየ።

«ነይ እስቲ እይው» ሲላት መልሷ «በኋላ» ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም ተቆልሎባት መቼ ቀና ብላ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ስትሰፋ ቆይታ ብትገባ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አርፏል። ደብተሩ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል። አሥራ አንዱ ሳጥን ሞልቷል፤ አሥራ ሁለተኛው ነጭ ነው። ለልብስ ሰፊ ያልተሰፋ ቦታ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሥራው ተቋርጧል ማለት ነው። እየሳለ ሳለ ያዘው፣ ጠራኝ፣ መኪናው እየጮኸ አልሰማሁትም አለች በልቧ። ይህን ለሰው አልተነፈሰችውም። ያለቁትን ደብተሮች ገልጣ ሳታይ በካርቶን አሽጋ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለቻቸው። ያችን የመጨረሻዋን ብቻ ከሸሚዝ ኪሱ ካወጣቻት እስክሪብቶ ጋር ሬዲዮው አጠገብ ተወቻት።

ባሏ በሞተ በዘጠነኛው ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሬዲዮው ልጇ የምትኖርበትን ከተማ ስም ጠራ። መሬት ተንቀጥቅጧል፤ ፎቆች ፈርሰዋል። አንድያ ልጇ እዚያ ሕፃናት ታስተምራለች። ስልኳ ላይ ብትደውል፣ ብትደውል፣ አይጠራም።

ማንም ሳይጠራት የደረሰችው የባሏ ታላቅ እህት ናት። ቤተሰቡ ከጀርባዋ «ጥቁሬ» ይላታል፤ ጥቁር ሻል በቦርሳዋ ሳትይዝ ከደጅ አትወጣም። «መርዶ ቀጠሮ አይዝም» ባይ ናት። በሩን ስታልፍ ገና ሻሉን ተከናንባለች።

«ያውልቁት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምኑን?»

«ሻሉን ነዋ እትዬ! ልጄን በቁሟ ሊቀብሯት ነው?»

«ኧረ በርዶኝ ነው እቴ።»

«በዚህ ሙቀት?»

«እርጅናን ሙቀት አያሸንፈውም» አለችና፣ ሻሉን ወደ ትከሻዋ ዝቅ አድርጋ ተቀመጠች። ማውለቁንስ አላወለቀችም።

ሬዲዮው የሙታን ቁጥር ይናገራል። በየሰዓቱ ቁጥሩ ያድጋል። ልብስ ሰፊዋ መርፌ ልትይዝ ብትሞክር ክሩ አልገባ አላት። በመጨረሻ የባሏን ደብተር ሳበች፣ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቀለች፣ አዲስ ገጽ ገለጠች። እንደ እሱ መሳል አትችልም። እጇ የሚያውቀው ስፌት ብቻ ስለሆነ አጭር ሰረዝ፣ ዝለል፣ አጭር ሰረዝ፣ ዝለል እያለች ሳጥኑን ከዳር እስከ ዳር ደረደረችው። ሁለተኛውን ሳጥን ስትይዝ እጇ ረጋ አለ።

«ሰው እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ያለቅሳል፤ አንቺ ትጽፊያለሽ?»

«እየጻፍኩ አይደለም፤ እየሰፋሁ ነው።»

«ያለ መርፌ?»

«ያለ መርፌ።»

ጥቁሬ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «እስቲ ለእኔም አንድ ወረቀት ቅደጅልኝ።» ከዚያ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ መሥራት ጀመረች።

«ድንች ነው የሚስሉት እትዬ?»

«ክብ ነው! ዓይንሽን ታከሚ!»

ሰኞ እንዲህ መሸ። ማክሰኞም ስልኩ ዝም አለ። ጥቁሬ ደብተሩን ወደኋላ ስታገላብጥ የወንድሟ የመጨረሻ ገጽ ላይ ደረሰች።

«ይቺ ምነው ክፍት ቀረች?»

«ሳይጨርሳት ነው።»

«ውይ! የሙት ሥራ ተንጠልጥሎ? ዝጊው እንጂ! ጎዶሎን የሚጠራው ጎዶሎ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ደብተሩን ከእጇ ተቀበለቻት። በልቧ ግን ስለት ተሳለች። ልጄ ትደውል። የደወለች ጊዜ፣ በዚያችው ደቂቃ፣ አባቷ የተዋትን እኔ እዘጋለሁ። እሱንም ይቅር በለኝ እለዋለሁ።

ረቡዕ የቀትሩ ዜና ሊጀምር ሲል ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የማታውቀው ነው። አነሳችው።

«እማዬ? እማዬ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ስልኬ ፍርስራሽ ሥር ቀረ። እኔ ውጭ ነኝ። የእረፍት ሰዓት ስለነበር ሁላችንም ግቢ ነበርን፤ ከልጆቹም አንድ አልጎደለ። የሰው ስልክ ነው፣ ወረፋ አለ።»

«በልተሻል?»

«እማዬ!»

«በልተሻል ወይ ነው ያልኩሽ!»

«በልቻለሁ።»

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ይሄኔ ጥቁሬ ሦስት ቀን ያጠራቀመችውን እሪታ ለቀቀችው።

«ማነው የሚያለቅሰው? ሞቻለሁ እንዴ?»

«አክስትሽ ናቸው። ቀድመው ተዘጋጅተው ነበር፤ አሁን የት ያድርጉት?»

ከወዲያ ሳቅ ተሰማ፤ የልጅቷ ሳቅ፣ በአፍንጫዋ የምትስቀው። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ ተነሳች፣ የባሏን ገጽ ገለጠች፣ እስክሪብቶውን አነሳች።

«ቆይ ልጄ፣ ስለት አለብኝ። የአባትሽን የመጨረሻ ገጽ ልዘጋለት ነው። አንዷን ሳጥን ሳይጨርሳት ነው የሞተው።»

«የቷን ሳጥን?»

«አሥራ ሁለተኛዋን። ባዶ ናት።»

«እማዬ! እንዳትነኪያት!»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ።

«አባዬ ጨርሶ ነዋ! አንዷን ሁልጊዜ ይተዋታል። ቤት ሳለሁ አንድ ቀን ልሞላለት ብል እጄን ቸብ አደረገኝ። ‹ዜናው ሁሉን ከያዘው እኛ የት ልንቀመጥ ነው?› አለኝ። ደግሞ ካንቺ ነው የቀዳው።»

«ከእኔ? ምኑን?»

«ትራስ ስትሰፊ፣ ገልብጠሽ የምታወጪባትን ቀዳዳ ትተዪ የለ? ‹እናትሽ ዙሪያውን ብትዘጋው ኖሮ ትራሱ በግልባጩ ይቀር ነበር› ይል ነበር።»

«እኔ እኮ በመጨረሻ በእጄ እዘጋታለሁ!»

«አባዬ መርፌ መያዝ አይችልማ! በይ እማዬ፣ የሌላ ሰው ወረፋ ደረሰ፤ ማታ እደውላለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ልብስ ሰፊዋ ወንበር ላይ ወጣች፤ ጥቁሬ እያለቀሰችም እየሳቀችም ወንበሩን ያዘችላት። ካርቶኑ ወረደ። አንዱን ደብተር ገለጡ፣ ሌላውን ገለጡ። በየገጹ አሥራ አንድ የሞላ፣ አንድ ነጭ። ነጩ አንዴ ጥግ ነው፣ አንዴ መሃል ነው፣ አንዴ ከላይ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ገጽ አልዘጋም። «በኋላ» ባትል ኖሮ አንዲት ቀን አይታ ይህን ባወቀች። እሱ ቆጫት፤ ቁጭቱ ግን «ጠራኝ፣ አልሰማሁትም» ከሚለው ሸክም ቀለል ይላል።

ዓይኗ እጇ ላይ ያለችው እስክሪብቶ ላይ አረፈ። የሞተ ዕለት ከሸሚዝ ኪሱ ስታወጣት ክዳኗ ተገጥሞ ነበር። ሰኞ የነቀለችው ራሷ ናት። እየሳለ ሳለ የያዘው ሰው፣ እየተጣራ ያለ ሰው፣ ክዳን ገጥሞ ኪሱ ይከታል? ገጹን ጨርሷል። እስክሪብቶውን ዘግቷል። ኪሱ ከትቷታል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኗል።

«አልጠራኝም» አለች ድምፅ አውጥታ።

«ማን?» አለች ጥቁሬ።

«ወንድምዎ። ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደው። አልጠራኝም።»

ጥቁሬ አልገባትም፤ ግን የሰው ፊት እንዲህ ሲፈታ አይታ ስለምታውቅ አልጠየቀችም። ሻሉን ከትከሻዋ ገፈፈችና ዘረጋችው። «እንኪ። ከዚህ ትራስ አውጭልኝ።»

«ጥቁር ትራስ ማን ይተኛበታል?»

«እኔ ነኛ! ሦስት ቀን ጎኔ አላረፈም።»

ልብስ ሰፊዋ ሻሉን ሁለት አጥፋ ቆረጠች፣ መልካሙን ፊት ወደ ውስጥ አድርጋ አጋጠመች፣ ወደ መኪናዋ ገባች። ጥቁሬ ከወዲያኛው ክፍል ሬዲዮውን ከፍ አድርጋ «አንቺ! ለእግር ኳስ ምንድን ነው የሚሳለው?» ብላ ተጣራች። አንዴም፣ ሁለቴም።

ልብስ ሰፊዋ አልሰማቻትም። ፔዳሉን ረግጣ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ፣ አንድ ጊዜም ሳታቆም፣ ለቀቀችው።