ለጀማሪ የማትሆን መኪና

ደምሴ ከሐዋሳ ሞያሌ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታው። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ ቀኝ እጁ ግን እንደተኛ ቀረ። መንጃ ፈቃዱም በዚያው መሳቢያ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ በሆነ ባልሆነው መቆጣት ሥራው ሆነ። ሚስቱ ገበያነሽ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ብታደርግ ጠብ፣ ዝቅ ብታደርግ ጠብ።

አንድ እሁድ ባልና ሚስት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ጎልማሶች በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች ሲያሽከረክሩ ደምሴ አየ። መኪኖቹ አቧራ እያስነሱ ኩርባ ሲይዙ ሳያስበው ሳቀ። ገበያነሽ ባሏ ሲስቅ ካየች ሰነባብታ ነበርና፣ «ለምን አንድ አትገዛም?» አለችው።

በማግስቱ ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ሙባረክ ሁለት መኪኖች አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረለት። አንዷ ጎማዋ ወፍራም፣ ቁመቷ ከፍ ያለ፣ የጭነት መኪና የምትመስል ናት። ሌላዋ መሬት ልትነካ የደረሰች የውድድር መኪና።

«ከዚህ በፊት ነድተው ያውቃሉ?» አለ ሙባረክ።

«አውቶቡስ።»

ሙባረክ ፈገግ አለ። «ለጀማሪ የምመክረው ይህችን ነው» ብሎ ባለወፍራም ጎማዋን አስጠጋለት። «ቀስ ትላለች። ብትገለበጥም አትሰበርም፤ ሳሩም ኮረኮንቹም አይከብዳትም። መለዋወጫዋም እኔ ጋ አለ። ያቺኛዋ ግን ገና ሲነኳት ነው የምትፈተለከው። እጅዎ ሳይለምድ ከያዟት ከግንብ ጋር ነው የምትላተመው።»

«ጀማሪ» የምትለዋ ቃል ደምሴን ወጋችው። የሀገረ ማርያምን ኩርባ በጭጋግ የወረደ ሰው ጀማሪ!

ሙባረክ መቆጣጠሪያውን አሳየው። እንደ ሽጉጥ የተሠራ ነው፤ በግራ እጅ ይያዝና በግራ ጣት ምላጩ እየተሳበ ነዳጅ ይሰጣል፣ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ መሪ ደግሞ ቀኝ እጅ ያዞራታል። ደምሴ ደነገጠ። ቀኝ እጁን ከጃኬቱ ኪስ አላወጣም። ደግሞም መሪዋን ሲያያት የጠርሙስ ክዳን ታክላለች። ይህችን ይህችን እንኳ አቅቶኝ ነው? አለ በልቡ።

«የውድድሯን ጠቅልልልኝ» አለ።

ቤት ወስዶ ሊሞክራት ፈራ። ቅዳሜ እስኪደርስ ካርቶኗን አልከፈተም።

ቅዳሜ ጉዱማሌ የወሰደው ክብሩ ነው። ክብሩ ለብዙ ዓመታት የአውቶቡሱ ረዳት ነበር፤ አሁን የራሱን ባጃጅ ይነዳል። ገበያነሽ ደውላ ስትለምነው ሥራውን ትቶ መጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን ደምሴ መሪ አስነክቶት አያውቅም። መናኸሪያ ውስጥ እንኳ «ጋሼ፣ እስቲ እኔ ላስጠጋው» ሲለው፣ «ውረድና ጎማ እይ» ነበር መልሱ።

ሜዳው ላይ ደምሴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መቆጣጠሪያውን በግራው ያዘ፤ ቀኙን በጉልበቱ ገፍቶ አነሳና ጣቶቹን መሪዋ ላይ አሳረፋቸው። ነዳጅ ነካ ሲያደርግ መኪናዋ ተወረወረች። ጣቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ለቀቀና አቆማት። ከወዲያ ማዶ የሚጫወቱት ሰዎች ዞር ብለው አዩት።

ክብሩ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዳጅ ይስጡ፣ መሪዋን እኔ ልያዝልዎት።»

በደግነት ነው ያለው። ደምሴ ግን የሰዎቹ ዓይን ነበር የታየው።

«እኔ ለረዳት መሪ አልሰጥም!» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

ክብሩ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። ደምሴ በንዴት ምላጩን እስከ መጨረሻው ሳበ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሜዳውን አቋርጣ አስፋልት ላይ ወጣች፤ ሲያልፍ የነበረ ሚኒባስ ደፍጥጧት ሄደ።

ሲመለሱ ክብሩ ደምሴን ከኋላ አስቀምጦ ባጃጁን ወደ ቤት ነዳ። ከዚያ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «ረዳት መሆን ከተውኩ ቆየሁ እኮ፣ ጋሼ» አለ። «መንዳትም ያስተማረኝ ሌላ ሰው ነው። ዛሬ የመጣሁት ለእርስዎ አዝኜ ነው።»

«ማን እዘንልኝ አለህ?»

ክብሩ ባጃጁን አቆመ። በር ላይ ገበያነሽ ፊቷ በርቶ «እንዴት ነበር?» ስትል፣ ክብሩ «ባትሪ አለቀብን» ብሎ ዋሸለት። ውለታው ከስብራቱ ይልቅ ደምሴን አንገበገበው። እግዜር ይስጥልኝ ሳይል ገባ።

ሳምንታት አለፉ። ቁጣው ሲበርድ እፍረቱ መጣ። አንድ ጠዋት ደምሴ ወደ ሙባረክ ሱቅ ተመልሶ ሄደና ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ይኼ አይሠራም» አለ።

ሙባረክ እጁን አየ። «መጀመሪያውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህስ ምን ታደርግልኝ ነበር?»

«ሰው ይዘው ይምጡ እልዎት ነበር። አንድ ሰው ነዳጅ፣ አንድ ሰው መሪ።»

ደምሴ ባለወፍራም ጎማዋን ገዝቶ ወጣ። ቤት እንደደረሰ ለክብሩ ደወለ። ምን እንደሚለው መንገድ ላይ ሲያጠና ነው የመጣው፦ መሪውን አንተ ትይዛለህ። ክብሩ ስልኩን አነሳ፤ እንደ ድሮው በአክብሮት ጤናውን ጠየቀው።

«እሁድ ጉዱማሌ ብንሄድ ብዬ ነበር» አለ ደምሴ።

«እሁድ ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜም ሥራ ነው።»

ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ለማያውቀው ተሳፋሪ የሚመልስ ይመስል ነበር። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ደምሴ አፍ ድረስ መጣች፤ መልሶ ዋጣት። «በል በርታ» አለና ዘጋው።

«ይመጣል?» አለች ገበያነሽ።

«ሥራ አለው።»

«እንግዲያ ሌላ ሰው ፈልግ።»

ደምሴ ካርቶኗን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ማን ሊሆን እንደሚችል አሰበ። የሚያውቃቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበ። የሚደውልለት ሌላ ሰው አልነበረም።