ናዝሬት የመረጠችው ቤዝ

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እንድርያስ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ስልክ መስሎት አላነሳውም። ድንኳኑ ውስጥ የእድር ሰዎች ስለ መንገዱ መቆፈር በዝግታ ያወራሉ። አንዱ ትኩስ ንፍሮ ሲዘግንለት እጁን ዘረጋ፤ ማቃጠሉ አልተሰማውም።

"ያንተ ነው'ኮ የሚጠራው" አለው ሰውዬው።

ወጣ። የደወለው ፈዬራ ነበር፤ መገናኛ ፎቅ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጠው። ለቅሶውን ገና አልሰማም።

"ወንድሜ፣ ቡናማው ቤዝ ጊታር ላይ ሰው መጥቶብኛል። የሲ.ኤም.ሲ ልጅ ነው፣ አዲስ ባንድ አቋቁመው። አንተ ቀዩን አይደል የምትወስደው? ልልቀቀው?"

እንድርያስ የአጥሩን ድንጋይ ተደገፈ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላይ ተኝቷል። እህቱን ናዝሬትን ትናንት መቅበራቸውን ሊነግረው አፉን ከፈተ።

"እስከ ነገ አትልቀቀው" አለ።

"የቱን?"

"ሁለቱንም።"

"እሺ፣ እስከ ቀትር። እህትህን ሰላም በልልኝ።"

"እሺ" አለ።

ሲመለስ አክስቱ ማዕረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የድንኳኑ በር ላይ ቆማለች። ማን እንደደወለ ጠየቀችው፤ ነገራት። ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው። በእህቱ ሠልስት ጊታር ሊገዛ የሚወጣ ሰው አይታም ሰምታም እንደማታውቅ፣ ሰፈርተኛው እንኳን ይህን አይቶ እንዲያውም እያወራ እንደሆነ በጆሮው ነገረችው።

"እንባህ እንኳ ገና አልወረደም" አለች በመጨረሻ።

እውነቷን ነው። መቃብሩ ዳር ቆሞ ሲያይ የነበረው የቆፋሪውን ቦቲ ጫማ ነው። የአንደኛው ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር። ይረግጠውና ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ አፈሩ አለቀ።

*

ናዝሬት ታላቅ እህቱ ናት። ሕፃን ሳለች የያዛት ትኩሳት ጆሮዋን ይዞት ሄደ፤ ሐኪሞቹ እንደሚሉት ልቧንም ሳይነካው አልቀረም፣ ድንገት የሞተችውም በዚሁ ነው። አድጋ መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ሆነች። እንድርያስ በእጅ ማውራትን የለመደው አፉን ከመፍታቱ እኩል ነው። እናታቸው ግን አልተማረችም። ጸበል ለጸበል ስትዞር ኖራ፣ ልጄ አንድ ቀን ትሰማለች ስትል ኖራ፣ የእጁን ንግግር መማር ተስፋ መቁረጥ መሰላት። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቤቱ የድሮ ነው፣ ወለሉ ጣውላ። ምግብ ሲቀርብ በተረከዟ ሁለቴ ትመታዋለች፤ ናዝሬት ንዝረቱ እግሯ ላይ ሲደርሳት ካለችበት ክፍል ትመጣለች።

እሱ ቤዙን ሲለማመድም በዚያው ወለል ላይ ጫማዋን አውልቃ ትቀመጥ ነበር። ተሳስቶ ከሆነ ፊቷ ይነግረዋል። ጣሪያው አፍስሶ የድሮው ቤዝ አንገቱ የተጣመመ ጊዜ፣ ከእሱ በፊት ያወቀችው እሷ ናት።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን ሊመርጥ ሲሄድ አብራው ሄደች። ፈዬራ ነገሩ ገርሞት ደንበኞቹን ትቶ ያያቸው ነበር። ቀዩን እንድርያስ ገና ከበር ሲገባ ነው የወደደው፤ ቀላል ነው፣ ያብረቀርቃል። ወፍራሙን ክር ሲመታው ናዝሬት አንድ መዳፏን ከቤዙ ጀርባ፣ ሌላውን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ከአፍንጫዋ ፊት የሆነ ነገር አባረረች። ዝንብ ነው ማለቷ ነው።

ቀጥሎ ቡናማውን መታላት። እንዲደግመው ጠየቀችው። ደገመው።

"ይኼኛው እግሬ ድረስ መጣ" አለችው በእጇ።

"ከባድ ነው። መድረክ ላይ ደግሞ የቁም ሳጥን በር ነው የሚመስለው።"

"አንተም ቁም ሳጥን ነህ። ትስማማላችሁ።"

እሱ ቀዩን መልሶ አነሳ። ቀዩን ከገዛ የሚለማመደው ውጭ፣ ከዶሮዎቹ ጋር እንደሆነ ነገረችው። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እናስብበታለን ብሎ ለፈዬራ ነግሮት ወጡ። ታክሲ ውስጥ ሊያስረዳት እጁን ሲያነሳ ዓይኗን ጨፈነች። ጭቅጭቅ ሲሰለቻት እንዲህ ነው፤ ዓይኗን ከጨፈነች ማንም ምንም ሊነግራት አይችልም። እስከ ሰፈራቸው እየሳቀች እንደጨፈነች ደረሰች።

*

ፈዬራ በደወለበት ቀን ከሰዓት በኋላ የናዝሬት ጓደኞች ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ሲገቡ ሴቶቹ እንደ ደንቡ ለቅሶውን ከፍ አደረጉት። ከገቡት አንድም የሰማው የለም። እየቆዩ ድምፆቹ አንድ በአንድ ቀነሱ፤ ቤቱ ውስጥ እጆች ብቻ ቀሩ። እናቱ ፍራሿ ላይ ሆና እጆቹን ከአንዱ ወደ ሌላው ትከተላለች። አንዱንም አታውቀውም።

ዳርቱ የምትባለው፣ ከየካ አባዶ የምትመጣው የሥራ ባልደረባዋ፣ እንድርያስ ፊት ቆመች።

"ቤዙን ገዛችሁት?" አለችው በእጇ።

"ምን አለች?" አለች ማዕረግ።

"እግዚአብሔር ያጥናችሁ አለች።"

ዳርቱ ቀጠለች። ናዝሬት ሁላቸውንም ለነገ ጠርታቸው ነበር፤ አዲሱ ቤዝ ይመጣል፣ ወለሉ ላይ እናዳምጠዋለን ብላ። ቡናማው እንደሆነም ነግራቸዋለች። "ወንድሜ ገና አላወቀም እንጂ የምንገዛው ቡናማውን ነው" ብላ ነው የነገረቻቸው።

እንድርያስ እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አነሳ። ከዚያ "ኑ" አላቸው።

*

በሠልስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰዎቹን ቀድሞ ታክሲ ያዘ። ሱቁ ሲደርስ ፈዬራ ጥቁር ሸሚዙንና ያልተላጨ ፊቱን አየ።

"እህትህስ?" አለው፣ ቀስ ብሎ።

"ቀበርናት።"

ፈዬራ አጠገቡ ያለው ስፒከር ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ ሁለቱንም ቤዞች አወረደለት። ገመዱን ሊሰካ ሲል እንድርያስ አስቆመው። የቀዩን ወፍራም ክር መታና መዳፉን ከጀርባው አሳረፈ። የቡናማውንም እንደዚያው። ደገመው። የቱም አልተሰማውም፤ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር።

"ዛሬ አትምረጥ" አለው ፈዬራ። "ሰው እንዲህ ሆኖ አይመርጥም። ያንን ልጅ ሌላ እፈልግለታለሁ፣ ሁለቱንም አቆይልሃለሁ።"

"ተመርጧል" አለ እንድርያስ። ቡናማውን ወሰደ። ትከሻው ላይ በእርግጥም ከባድ ነው።

ቤት ሲደርስ ማዕረግ በር ላይ ያዘችው። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም፤ ሰው ሞልቶበታል።

"በለቅሶ ቤት፣ እንድርያስ?"

"ኤሌክትሪክ ካላገኘ ድምፅ የለውም፣ እትዬ። ማንም አይሰማውም።"

ማዕረግ ወደ ድንኳኑ ዞራ አየች። ከዚያ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ የቤዙ ማኅደር ላይ ጣል አደረገችበትና ፊት ፊቱ እየሄደች አስገባችው።

እነ ዳርቱ ቀድመው መጥተዋል። ወለሉ ላይ፣ በእናቱ ፍራሽ ዙሪያ ተቀምጠዋል። እንድርያስም ተቀመጠ። የቤዙን ታች ጣውላው ላይ አስደግፎ ወፍራሙን ክር ሳበና ለቀቀው። ማዕረግ የሰማችው ጥፍር ሽቦ ሲነካ ያህል ነው። ዳርቱ ግን መዳፏን ወለሉ ላይ ዘርግታ አንገቷን ደፋች። ከእሷ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። እንደገና መታው። ማንም ቀና አላለም።

"ምን እየሆኑ ነው?" አለች እናቱ።

"እየሰሙ ነው፣ እማዬ።"

እናቱ ለረጅም ጊዜ እጆቻቸውን አየች። ከዚያ የፍራሿን ጫፍ ገልጣ መዳፏን ባዶው ጣውላ ላይ አሳረፈች። እንድርያስ ክሩን መታው። ንዝረቱ ሞቶ እስኪያልቅ እጇን አላነሳችም።

ሲያልቅ አነሳችው። ወለሉን ሁለቴ መታች።

የናዝሬት ጓደኞች ሁሉ ባንዴ ቀና ብለው ወደ እሷ ዞሩ።