የቁልፍ ሠሪው ቆሽት

ቁልፍ ሠሪው መክሳት ሲጀምር ማንም ልብ አላለውም። መጀመሪያ ቀበቶው ላይ አንድ ቀዳዳ ጨመረ፤ ቀጥሎ ሌላ። ሦስተኛውን ሱቁ ውስጥ በሥራ መሰርሰሪያው በሳው። ደንበኞቹ ሲጠይቁት «ቀበቶው ሰፍቶ ነው» ይላቸዋል።

ሚስቱ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዋና ምግብ አብሳይ ናት። በየቀኑ ለመቶ ሰማንያ ሠራተኛ ምሳ ታቀርባለች፤ ከመካከላቸው ሳይጠግብ የተነሣ ሰው አታውቅም። ነገሩ የከበዳትም ለዚህ ነው። የሰው ባል ሁሉ አጥግባ የራሷ ባል ጉንጩ ሲሰረጉድ፣ የሰፈሩ ሰው ምን እንደሚያወራ ለመገመት አዋቂ መጠየቅ አያስፈልጋትም።

ችግሩ ደግሞ ምግብ እምቢ ማለቱ አልነበረም። ይበላል። ሁለት ሳህን ሩዝ በሥጋ ጥርግ አድርጎ ዳቦ ይደግማል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽንት ቤት ገብቶ ይቆልፋል፤ ውሃው ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ ሲለቀቅ ይሰማል። ሚስቱ ማጠራቀሚያው ተበላሽቶ ነው ብላ የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣች። ሠራተኛው ፈታቶ አየና «ደህና ነው» ብሎ ገጠመው። ቁልፍ ሠሪው አጠገባቸው ቆሞ ባትሪ እያበራ ነበር።

በዚህ መሀል እናቱ ለሁለት ሳምንት ብለው መጡ። በሩ ላይ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የመነመንከው?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው እማዬ።»

«ሥራ» አሉና ምራታቸውን አዩ።

ማግስቱን ወጥ ቤቱን ተረከቡ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአጥር በኩል ለጎረቤት ሲያጫውቱ ተሰሙ። ድምፃቸው ለጎረቤት ብቻ የታሰበ አልነበረም። «ምን ይሆናል ብለሽ ነው፣ ቆሽቱን አሳርራው ነው እንጂ። ሰው ቆሽቱ እያረረ የበላው መች አካል ይሆነዋል?»

ሚስቲቱ ልብስ እያሰጣች ነበር። ቆሽቱን ያሳረረችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። ሁለት ቀን ትዝ አላት፤ ሁለቱም በተጋቡበት ዓመት የሆኑ ናቸው።

ሁለቱ ሳምንት ስድስት ሆነ። አማቷ ጠዋት በቅቤ፣ ማታ በቅባት እያሉ አበሉት። ከዚያ ለማረጋገጥ ብለው ሁለቱንም ይዘው ወደ መድኃኒት ቤቱ ሚዛን ሄዱ። ልጃቸው ሁለት ኪሎ ተኩል ቀንሷል። ሚዛኑ ተበላሽቷል አሉና ራሳቸው ወጡበት፤ ሦስት ኪሎ ጨምረዋል። ምራታቸው የሥራ ልብሷ ቁልፍ አልገጥም ካላት ሳምንት አልፏታል። በዚያ ቤት የማይወፍረው ምግቡ የሚሠራለት ሰውዬ ብቻ ነበር።

ሚስቲቱ ይህን ስታይ «እንኳን በእኔ አልሆነ» ማለት ይገባት ነበር። አላለችም። ፈራች። ከፋብሪካው አንድ ቀን ፈቃድ ወስዳ ባሏን ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች፤ አማቷም ሳይጠሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ጥያቄ ስትጠይቅ ቀና ብላ ታያለች።

«ሰገራዎ እንዴት ነው?»

ቁልፍ ሠሪው ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ እናቱን፣ ከዚያ ሚስቱን።

«ቅባት ቅባት ይላል» አለ በመጨረሻ። «ይንሳፈፋል። ውሃ ብለቅበትም አይሄድም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ታዲያ ቧንቧ ሠራተኛ ሳስመጣ ባትሪ ይዘህ ትቆማለህ?» አለች ሚስቱ።

«ከመጣ በኋላ ምን ልበለው?»

ዶክተሯ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠችውና ምን እንደሚያደርግባት ነገረችው። በነጋታው ዕቃዋን ወደ ላቦራቶሪ ማን ይውሰዳት በሚለው ትንሽ ክርክር ተነሣ፤ እናቱ አሸነፉ። በሦስት ፌስታል ጠቅልለው የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት፤ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው «ቦርሳዎን ልያዝልዎት» ቢላቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ የልጄ ነው» ብለው እንዳቀፉ ደረሱ።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ሦስቱም እንደገና ተደርድረው ተቀመጡ።

«ችግሩ ቆሽትዎ ነው» አለች ዶክተሯ።

«አላልኩም?» አሉ እናት።

ሚስቲቱ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። በላቦራቶሪ ተረጋግጦ፣ በማኅተም መጣባት ማለት ነው። ዶክተሯ ግን የተባለው ስላልገባት ወረቀቱን ወደ እነሱ አዙራ ቀጠለች።

«ቆሽት ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ሠርቶ ወደ አንጀት ይልካል። ከእነሱ አንዱ ኢላስቴዝ ይባላል። እሱ መንገድ ላይ ሳይበላሽ ከሰገራ ጋር ስለሚወጣ፣ ምን ያህል እንደወጣ ለክተን ቆሽቱ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ እናውቃለን። ከሁለት መቶ በላይ መሆን ነበረበት። የእርስዎ ሠላሳ ስምንት ነው። የሚበሉት ሳይፈጭ ያልፋል፤ በተለይ ቅባቱ።»

«ቅቤውም?» አሉ እናት።

«ከሁሉ በፊት እሱ።»

«በንዴት የሚመጣ ነው?» ሚስቲቱ ጠየቀች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነባት።

«በንዴትማ አይመጣም። በመጠጥ ይመጣል፤ እሳቸው አይጠጡም። በዘር የሚመጣም አለ። ልጅ ሳሉ ሆዳቸውን ያማቸው ነበር?»

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት እናት ናቸው። አሥር ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ሆዱን ይዞ እጥፍጥፍ ይል እንደነበር፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ እንደሚተወው ተናገሩ። «አባቱም እንደዚሁ ነበር። እየበላ ከስቶ ከስቶ...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ዶክተሯ ጻፈች።

ቁልፍ ሠሪው መድኃኒቱን ሊያወጣ ሲሄድ ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው አንዲት ሴት ወለል ትወለውላለች።

«አባቱ ሲሞት አርባ ስምንት ኪሎ ነበር» አሉ አማቷ ወለሉን እያዩ። «አማቴ ቀብር ላይ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም እማማ።»

«‹ልጄን በረሃብ ገደለችው› አሉ። አገር ምድሩ እየሰማ። እኔም ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል ስል፣ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት።»

ሚስቲቱ እጃቸውን ልትይዝ አሰበች፤ እንዲህ ያለ ነገር በመካከላቸው ተለምዶ ስለማያውቅ ተወችው። የምታውቀውን ጠየቀች።

«ምን ያበስሉለት ነበር?»

አማቷ አንድ በአንድ ነገሯት። ጠዋት ሁለት እንቁላል በወተት፣ ምሳ ምስር፣ ሲገኝ ሥጋ፣ መክሰስ ዳቦ፣ ማታ ሾርባ። ምን ያህል ይጨልፉ ነበር፣ በየትኛው ሳህን፣ ይደገም ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። በልቧ ደመረችው።

«በቂ ነው» አለች፤ የመቶ ሰማንያ ሰው አብሳይ ሆና በምትናገርበት ድምፅ። «እንዲያውም ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር።»

አማቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው አፍንጫቸውን ተናፈጡ፤ ከዚያ መሐረቡን በአራት አጥፈው መለሱት።

ቁልፍ ሠሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ በምግብ መሀል ኢንዛይም ያለበት እንክብል ይውጣል። ወር ሳይሞላ ውሃው አንድ ጊዜ ብቻ መለቀቅ ጀመረ። በአራተኛው ወር ሰባት ኪሎ መለሰ። እናቱ ይቅርታ የሚባል ነገር አልወጣቸውም፤ ከመሄዳቸው በፊት ግን አጥሩ ላይ ቆመው ለዚያችው ጎረቤት፣ በዚያው ድምፅ፣ «ሠላሳ ስምንት ነው የወጣው፣ ከሁለት መቶ! ምግብ ምን ያድርግ? የአባቱ ቆሽት ነው» ብለው አስረዱ።

አሁን በየቀኑ በምሳ ሰዓት ምራታቸው ሥራ ቦታ ይደውላሉ።

«ምሳውን ቋጥረሽለታል?»

«አዎ እማማ።»

«እንክብሉን በመሀል ነው የሚውጠው ወይስ ከበላ በኋላ?»

«በመሀል።»

«ደህና» ይሉና ይዘጋሉ። ባለፈው ሳምንት ግን አልዘጉም። መቶ ሰማንያው ሰው ሳህኑን ይዞ ተሰልፏል፤ ጭልፋዋን እንደያዘች ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ጠበቀች።

«አንቺስ በላሽ?» አሉ።

«ገና ነኝ።»

«ብዪ እንጂ» አሉና ዘጉት።