ከጅብ አንጀት የተገመደ በገና

ወሬውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ነው የሚል ካለ ዋሽቷል፤ በዚህ ከተማ ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚዋሽ የለም።

ጋሽ እንደሻው ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ሠላሳ አንድ ዓመት በገና ደርድረዋል። በዐቢይ ጾም ከበሮ ስለማይመታ እኔ ከበሮ መቺው ሥራ ፈት እሆናለሁ፤ ያኔ መዝሙሩን የሚሸከመው የእሳቸው በገና ብቻ ነው። በተለይ የደብረ ዘይት እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እሳቸው ሲደረድሩ ኮሽታ አይሰማም። ሚስታቸው እትዬ እልፍነሽ ከሞቱ ወዲህ ዓመቱን የሚቆጥሩት በዚያች እሑድ ነው።

ዘንድሮ ከጾሙ በፊት አውታሮቹ አርጅተው አንድ በአንድ ይበጠሱ ጀመር። አውታር የሚገመደው ከበግ አንጀት ነው። "ሥራዬ፣ እስቲ ጥሩ አንጀት ፈልግልኝ" አሉኝና ሸዋ በር ሥጋ ወደሚሸጠው ወዳጄ ወደ አብዱልፈታ ሄድኩ። የሦስት በግ አንጀት አጥቦ፣ በጨው አሽቶ ሰጠኝ። ብር ሳወጣ እጄን መታኝ።

"ለጸሎት አይደል እንዴ? አቦ፣ አታስቀይመኝ!"

ጋሽ እንደሻው ገመዱት፣ በጥላ አደረቁት፣ አሥሩንም ወጠሩት። ያ በገና እንደዚያ አምሮበት አያውቅም።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት?

በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት ፈረስ መጋላ ሻይ ይዘን ተቀምጠን፣ ከዘማሪዎቹ አንዷ ሩት፣ "የጋሽ እንደሻው በገና ዘንድሮ ምን ነክቶት ነው እንዲህ ሆድ የሚያባባው?" አለች። ምላሴን በላኝ።

"አልሰማሽም? የጅብ አንጀት እኮ ነው!"

"ሂድ ወዲያ!"

"ካላመንሽ ተዪው። የጀጎል ግንብ ሥር፣ ውኃ መውረጃው ቀዳዳ ላይ አንዱ ጅብ ሆዱ ተቀርቅሮበት አገኙት። በመቋሚያ አናቱን አንዴ! ከአንዱ ጅብ አሥር አውታር ወጥቶ ሁለት ክንድ ተረፈ፤ በተረፈው ጫማቸውን አሰሩበት። አሁን እሳቸው ሲደረድሩ የሟች ዘመዶች አጥሩ ሥር ተሰብስበው ያለቅሳሉ።"

ሩት ሻዩ ትን እስኪላት ሳቀች። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ኮራሁ።

ወሬው ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ግቢያችን ሲደርስ ሳቁን መንገድ ላይ ጥሎት ነበር። "በጅብ አንጀት እግዚአብሔር ይመሰገናል?" አሉ እናቶች። "እኔንስ ድምፁ ድሮም ያስፈራኝ ነበር" ያሉም አልጠፉም። በአምስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ።

የጠራው የመዘምራኑ መሪ ኒቆዲሞስ ነው። ኪቦርድ እናስገባ እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከራከር ሰሚ ያጣ ሰው ነው። ጋሽ እንደሻው ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። "የሚወራው እውነት ነው ወይ?" ሲባሉ፣ "ይህንንም ትጠይቁኛላችሁ?" ብለው አቀረቀሩ።

ነገሩ ሲከብደኝ ተነሣሁ።

"የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ቀልድ ነው። አንጀቱ የበግ ነው፤ ራሴ ነኝ ያመጣሁት።"

"ከየት?" አለ ኒቆዲሞስ።

"ከሸዋ በር፣ ከአብዱልፈታ።"

አዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር ሲዞር ታወቀኝ።

"ሙስሊም ያረደውን?" አሉ አንዲት እናት።

"ብሉት አልተባላችሁ! አውታር እኮ ነው!"

ማንም አልሳቀም። መምህራችን፣ የእውነት ሰው ናቸው፣ "የሚከለከለው መብሉ ነው፤ አውታር አይበላም" አሉ። ቀጥለው የእናቶቹን ፊት አዩና፣ "ቢሆንም ለምእመናን ማሰናከያ እንዳይሆን፣ ጋሽ እንደሻው ዘንድሮን ይለፉት" አሉ። የጅቡን ውሸት ግማሹ ሰው አላመነውም ነበር። እውነቱን ግን ሁሉም አመነ።

"ኪቦርዱ ላይ በገናም አለ" አለ ኒቆዲሞስ ቶሎ ብሎ። "ቁልፍ መጫን ነው።"

ጋሽ እንደሻው ቀና አሉ። "እሱስ በምን አንጀት ነው?"

ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

የደብረ ዘይት እሑድ ኪቦርዱ በገና ሆኖ ዋለ። አንዴም አልተሳሳተም። ዘማሪ ትንፋሽ ሲያጥረው አይጠብቅ፣ ሰው ሲያለቅስ ዝግ አይል። መካከል ላይ መብራት ሲጠፋ ቀጥ አለ፤ ጄኔሬተር እስኪነሣ ሕዝቡ ተቀምጦ ጠበቀው። ጋሽ እንደሻው አልመጡም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። በገናው ግድግዳው ላይ ራቁቱን ተሰቅሏል። አሥሩን አውታር በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

"ለአብዱልፈታ መልስለት። እኛ ዘንድ አልተወደደም በለው።"

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"አንተንማ ድሮም አውቅሃለሁ" አሉ። "እነሱን ነው ያላወቅኳቸው።"

አብዱልፈታ በግ እየበለተ ነበር። ጥቅሉን ተቀብሎ ፈታ አድርጎ አየው።

"ምነው? ሳይሆን ቀረ? ወላሂ፣ ክፉ በግ አልሰጠሁም!"

አንተ ስላረድከው ነው ልበለው? ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ይህ በምን አፍ ይነገራል?

"ሞቱ" አልኩት። "ጋሽ እንደሻው ዐረፉ።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!" ቢላዋውን ጣለ፣ ደም የነካውን ጋወን አወለቀ፣ ሱቁን ቆለፈ። "ምራኝ።"

"ነገ ይሻላል፣ ዛሬ ቤቱ..."

"አቦ፣ ምራኝ አልኩህ! ለቅሶ ሳልደርስ ልዋል?"

መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት። እሱ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ እያነባ ነው። በሩን ያንኳኳውም እሱ ነው። የከፈቱት ራሳቸው ጋሽ እንደሻው ናቸው።

አብዱልፈታ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ሽማግሌው እሱን አዩ፣ እንባውን አዩ፣ ጋዜጣውን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉም ገባቸው።

"ለቅሶ ነው የመጣኸው?" አሉት።

"ሞቱ ብሎኝ... ይኼ ሰውዬ..."

"አልዋሸህም። ግባ። እስካሁን የደረሰኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ።"

ክንዱን ይዘው አስገቡት። እኔም ልከተል እግሬን አነሣሁ። በሩ ቀስ ብሎ ከፊቴ ተዘጋ።